ቡስቱ 1.1 ባር ሲደርስ ነዳጅ የሚቆርጥ ሞተር፦ ምርመራው ከየት ይጀመር?

የጠያቂያችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። መኪናው ባለ 2.0 ሊትር የቤንዚን ቱርቦ፣ ማርሹ ማንዋል ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው የጭስ ማውጫ መስመር በሰፊ ቧንቧ ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ በ3ኛ ማርሽ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ 4000 ዙር አካባቢ ሞተሩ ቁልፉ የተዘጋ ያህል ድንገት ይጠፋል፣ ተሳፋሪውን ወደ ፊት ይወረውርና ወዲያው ይመለሳል። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ብቻ ሲረገጥ ምንም ችግር የለም። በቀዝቃዛ ጠዋት ይብሳል። የቡስት፣ ማለትም ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ግፊት፣ ጌጁ 1.1 ባር ያሳያል፤ የፋብሪካው ልክ 0.8 ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት አልበራም። ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ ተቀይረው ለውጥ አልመጣም። አሁን መካኒኩ የግፊት ሴንሰሩን ቮልቴጅ የሚገድብ ትንሽ መሣሪያ እንግጠም ብሏል። ልስማማ ወይ ነው ጥያቄው።

አይስማሙ። ያ መሣሪያ የሚያጠፋው ምልክቱን ብቻ ነው። ግፊቱን 1.1 ያደረሰው ምክንያት እንዳለ ይቀራል፣ ሞተሩ ደግሞ መከላከያውን ያጣል። ከገለጹት ነገር የሚታየኝ ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ እንደሆነ ነው። መፈለግ ያለበት ግፊቱን ከ0.8 በላይ ያሳለፈው ነገር ነው፤ ለዚህ ፍለጋ ደግሞ አንድ ጥሩ ላስቲክ ቱቦ፣ ጌጅ ያለው የእጅ ፖምፓና አንድ ቴስተር አብዛኛውን መንገድ ያደርስዎታል።

በመጀመሪያ መቆረጡ ራሱ ምንድን ነው? የሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር የሚያውቀው አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ባለው የግፊት ሴንሰር ወይም ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ባለው የአየር ፍሰት ሴንሰር ነው፤ ሁለቱም ያሏቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ንባቡ ከተፈቀደው ጣሪያ ሲያልፍ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በሙሉ ይዘጋል። በጥቂቱ የማይቀንሰው ታስቦበት ነው። ቱርቦው እየገፋ ነዳጅ በጥቂቱ ቢቀነስ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ገና ያልተቃጠለው ድብልቅ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል። ፒስተን የሚሰበረው ያኔ ነው። ነዳጅ ጨርሶ ከሌለ ግን የሚቃጠል ነገር የለም፣ የሚሞቅም የለም። እንደ ግድግዳ የሚሰማዎት ይኸው ነው። ግፊቱ ሲወርድ ኢንጀክተሮቹ እንደገና ይከፈታሉ፣ መኪናው ይፈናጠራል፣ ፔዳሉ አሁንም ከተረገጠ ዑደቱ ይደገማል።

በቀዝቃዛ ጠዋት የሚብሰውም በዚሁ ይገለጣል። ከ30 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር በዚያው ግፊት ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጣሪያውን በአየር ክብደት የሚለካ ኮምፒውተር ከሆነ ግፊቱ ሳይጨምር እንኳ ቀድሞ ይቆርጣል።

ሆኖም ወደ ቱርቦው ከመሄድዎ በፊት የሚሰማዎት በእርግጥ የነዳጅ መቆረጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የሚመሳሰሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የነዳጅ መቆረጥ ሁሉንም ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ስለሚያጠፋ ድንገተኛና ንጹሕ ነው፤ በዳታ ሲታይ የኢንጀክተሩ መክፈቻ ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የካንዴላ እሳት መጥፋት ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይፈነዳል፤ ኢንጀክተሩ ግን ሥራውን አያቆምም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ይሸታል። ሦስተኛው የቤንዚን ማጠር ነው። ይህ ድንገተኛ አይደለም፤ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይከዳል፣ በነዳጅ መስመሩ ላይ የተገጠመ ጌጅ ግፊቱ ሲወርድ ያሳያል።

ካንዴላ ስለቀየሩ እግረ መንገድዎን ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ይለኩ። ለተራ ሞተር ታስቦ በ1.0 ወይም በ1.1 ሚሊሜትር ክፍተት የተሸጠ ካንዴላ በቱርቦ ሞተር ላይ በከፍተኛ ግፊት እሳቱ ይጠፋበታል። በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይፈለጋል፤ ለርስዎ ሞተር የተጻፈው ቁጥር ካለ እሱን ይያዙ። ምልክትዎ በግማሽ ነዳጅ የማይታይ፣ በአንድ የግፊት ልክ ላይ የሚመጣና ድንገተኛ ስለሆነ እኔ የማደላው ወደ እውነተኛው መቆረጥ ነው። የክፍተቱ ልኬት ግን አሥር ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፣ አይዝለሉት።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን እንግባባ። ጌጅዎ የሚያሳየው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስበው ደግሞ ከፍጹም ባዶነት ተነሥቶ በጠቅላላው ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 1 ባር ያህል ስለሆነ የርስዎ 1.1 ለኮምፒውተሩ 2.1 ነው። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የከባቢው ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ስለሚሆን ያው 1.1 የጌጅ ንባብ 1.9 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ከፍታ ሲቀይር የሚቆርጥበት የጌጅ ቁጥር ቢለዋወጥ አይደነቁ፤ ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ሲያነጻጽሩም በየትኛው ልኬት እንደሆነ ይጠይቁ። 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ነው፣ 14.5 ፒኤስአይ ነው።

የመኪናውን ኮምፒውተር ዳታ የሚያነቡ፣ በስልክ የሚሠሩ ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያዎችም ሁለት ገደብ አለባቸው። የመደበኛው ኦቢዲ የማኒፎልድ ግፊት ንባብ ከ255 ኪሎፓስካል በላይ መቁጠር አይችልም። ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው፤ አሥር ነገር በአንድ ጊዜ እንዲያነብ ካዘዙት ለሩብ ሰከንድ የቆየ የግፊት ሹል ጨርሶ ሳያየው ያልፋል። ግፊትን፣ ዙርንና የፔዳልን ቦታ ብቻ ይምረጡ። ሜካኒካል ጌጅ ካለዎት ቱቦው ከትሮትሉ (በፔዳሉ ከሚከፈተው የአየር በር) በኋላ ከማኒፎልዱ የተቀጠለ መሆኑን ይዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለምርመራ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ይምረጡ፣ ጌጁን የሚያይ ሌላ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፣ ሞተሩ በሚገባ ይሙቅ። በ3ኛ ማርሽ ከ2000 ዙር ጀምሮ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ይርገጡ። መቆረጡ እንደመጣ እግርዎን ያንሡ። አንድ ሙከራ ይበቃል፤ ደጋግሞ ግድግዳው ላይ ማላተም ለክራንኩም ለማርሽ ሳጥኑም አይበጅም። በቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ያለ ድምፅ ከሰሙ ምርመራውን እዚያው ያቁሙ፣ ያ ኖክ፣ ማለትም ድብልቁ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ነው።

የሚፈልጉት ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ግፊቱ እንዴት እንደወጣ ይመልከቱ። ጥፋተኛውን የሚጠቁመው የአወጣጡ ቅርጽ ነው። ግፊቱ በ3000 ወይም በ3500 ዙር ወደ 1.1 ዘልሎ ከዚያ ወደ 0.8 ከወረደ ይህ ሹል ነው። ትርፍ ጭስ አሳልፎ ቡስቱን የሚገድበው ክዳን፣ ዌስትጌቱ፣ ይሠራል፣ ነገር ግን ዘግይቶ ይከፈታል። 0.8 ላይ ተረጋግቶ ቆይቶ ዙሩ ሲጨምር አብሮ እየተንፏቀቀ 0.9፣ 1.0፣ 1.1 ከደረሰ ይህ መሾለክ ነው። ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም የሚያሳልፈው ጭስ አልበቃም ማለት ነው። 0.8ን ሳያውቀው አልፎ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ዌስትጌቱ ጨርሶ አልተከፈተም። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ለመለየት ካቃተዎ በ4ኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር አንድ ጊዜ ይሞክሩ፤ ሹል በከፍተኛ ማርሽ ጭነቱ ስለሚበዛ ይበልጥ ይጎላል፣ መሾለክ ግን ከማርሹ ይልቅ ዙሩን ይከተላል።

ዌስትጌት ምን እንደሚያደርግ በሁለት መስመር ላስቀምጠው፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ከቱርቦው መጭመቂያ የወጣው ግፊት በቀጭን ቱቦ ወደ አክቹዌተሩ ይሄዳል። እዚያ ያለው ላስቲክ ስፕሪንጉን አሸንፎ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ በጭስ በኩል ያለችውን ክዳን ይከፍታል፣ ጭሱ ቱርቦውን የሚያዞረውን ተርባይን ሳይነካ ያልፋል። በመስመሩ መካከል ያለው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ከዚህ ግፊት ጥቂቱን እያፈሰሰ አክቹዌተሩን ያታልለዋል፤ ስፕሪንጉ ብቻውን 0.5 የሚይዘው ሞተር 0.8 የሚገፋው በዚህ ነው። እንግዲህ ወደ አክቹዌተሩ የሚደርሰውን ግፊት የሚቀንስ ማንኛውም ነገር ቡስቱን ይጨምራል። የተቀደደች አንዲት ቱቦ ጉልበት ትጨምራለች እንጂ አትቀንስም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከመጭመቂያው አፍ ጀምረው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ይዳስሱ። በተለይ ከጭስ ማኒፎልዱ አጠገብ የሚያልፈውን፤ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ሲታጠፍ ብቻ የሚታይ ስንጥቅ ያወጣል። ጭስ ማውጫውን የቀየረው ሰው አንዱን ቱቦ ነቅሎ ረስቶት ወይም በተሳሳተ ጫፍ ላይ መልሶት ሊሆን ይችላል። ሦስት ጫፍ ያለው ሶሌኖይድ ላይ ሁለት ቱቦ ከተቀያየረ ቡስት ወሰን አይኖረውም። በአንዳንድ መኪኖች ቱቦው ውስጥ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ያላት የናስ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ አለች። ስትደፈን አክቹዌተሩ ይራባል፣ ቡስቱ ይወጣል፤ ጨርሳ ከጠፋች በተቃራኒው ቡስቱ ይወርዳል። ቱቦ የሚቀይር ሰው ቁራጯን ከአሮጌው ጋር አብሮ እንዳይጥላት።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ ችግሩን ለሁለት የሚከፍለውን ሙከራ ያድርጉ። ሶሌኖይዱን ከመስመሩ ያውጡ፤ ከመጭመቂያው አፍ አንድ አዲስ፣ ጠንካራ፣ አጭር ቱቦ በቀጥታ ወደ አክቹዌተሩ ይሳቡ፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ ይጥበቅ። ክፍት የቀሩትን አፎች በሙሉ ይድፈኑ። የሶሌኖይዱን የኤሌክትሪክ ሶኬት ግን እንደተሰካ ይተዉት፤ ከነቀሉት ኮምፒውተሩ ፒ0243 ወይም የሱን ዘመድ የስሕተት ኮድ መዝግቦ ሌላ ባሕርይ ሊያሳይዎት ይችላል። ከዚያ ያንኑ የ3ኛ ማርሽ ሙከራ ይድገሙ። የአክቹዌተሩን ቱቦ ነቅሎ ክፍት ትቶ መንዳት ግን በምንም ምክንያት አይሞከርም፤ ተርባይኑ የሚያቆመው የለም።

ውጤቱን እንዲህ ያንብቡት። ግፊቱ በስፕሪንጉ ልክ፣ በብዙ የፋብሪካ ቱርቦዎች ከ0.4 እስከ 0.6 ባር፣ ቀጥ ብሎ እስከ ከፍተኛ ዙር ከቆየ የቱርቦው መካኒካል ክፍል ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ከሶሌኖይዱ፣ ከቱቦው አቀጣጠል ወይም ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ነው። በ0.5 ጀምሮ ዙሩ ሲጨምር ወደ 0.8፣ 0.9 የሚሾልክ ከሆነ የዌስትጌቱ ቀዳዳ ለአዲሱ ጭስ ማውጫ አልበቃውም። አሁንም ያለ ገደብ የሚወጣ ከሆነ አክቹዌተሩ ተቀዷል ወይም ክዳኗ ተጣብቃለች። ይህ ሙከራ የሚሠራው በግፊት ለሚከፈት አክቹዌተር ነው። የርስዎ በቫኪዩም ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ ክዳኗን የሚያንቀሳቅሱት በቫኪዩም ፖምፓ ወይም በስካነሩ የአክቹዌተር ሙከራ ነው።

አክቹዌተሩን ለመፈተሽ የእጅ ፖምፓውን ያገናኙና ግፊቱን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ዘንጉ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ባለው መካከል መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሳይንቀረፈፍ ይውጣ፣ ሲለቁትም ሳይዘገይ ይመለስ። 0.5 ላይ ይዘው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ የጌጁ መርፌ ከወረደ ላስቲኩ ተቀዷል። ከ1 ባር አያሳልፉ። ከዚያ የዘንጉን ማያያዣ ክሊፕ አውጥተው የክዳኗን ክንድ በእጅዎ ያንቀሳቅሱ። ዝገትና ጥላሸት የያዛት ክንድ እዚህ ላይ ትታወቃለች። ክዳኗ ተዘግታ ሳለች የዘንጉ ቀዳዳ ከፒኑ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል አጥሮ፣ በትንሹ ተስቦ መግባት አለበት። ከዚህ በላይ ካጠረ አንድ ሰው ጉልበት ለመጨመር ብሎ ጠምዝዞታል። የኤም 6 ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ሲያስተካክሉ በግማሽ ዙር እየፈተኑ ይሂዱ።

ለሶሌኖይዱ ቴስተር ይበቃል። የጥቅሉ መቋቋም በአብዛኞቹ ከ20 እስከ 40 ኦም ነው። 12 ቮልት ሲሰጡት ቀጭ ይበል፤ ሲበራና ሲጠፋ የሚያሳልፍበት አፍ መቀየሩን በአፍዎ እየነፉ ያረጋግጡ። ቀጭ እያለ ውስጡ በዘይት ጭቃ የተደፈነ ብዙ ነው፤ ድምፁን ብቻ አይመኑ።

የርስዎን ጉዳይ በተመለከተ የእኔ የመጀመሪያ ጥርጣሬ መሾለክ ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ የመጣው ከሰፊው ቧንቧ ጋር ነው። ከተርባይኑ በኋላ ያለው መታፈን ሲቀንስ በተርባይኑ ሁለት ጎን መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ይሰፋል፤ ያው ጭስ ተርባይኑን በበለጠ ኃይል ያዞረዋል። የዌስትጌቱ ቀዳዳ ግን የተቆፈረው ለፋብሪካው ጠባብ ቧንቧ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ፦ የአዲሱ ቧንቧ ፍላንጅ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከክዳኗ መክፈቻ መንገድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የተርባይኑንና የዌስትጌቱን ጭስ የሚለይ መካከለኛ ግድግዳ ያላቸው ቧንቧዎች ክዳኗን በግማሽ መንገድ ሊያቆሟት ይችላሉ። ቧንቧውን ፈትተው ክዳኗን በፖምፓ ሙሉ በሙሉ ከፍተው የዘንጉን ጉዞ ይለኩ፤ ቧንቧው ከታሰረ በኋላ እንደገና ይለኩ። ጉዞው ካጠረ ምክንያቱን አገኙት፤ ፍላንጁን መሞረድ ብቻ ይበቃዋል።

የሚነካት ነገር ከሌለ ግን ቀዳዳውን ማስፋት ይቀራል። ይህ የተርባይኑ ቤት ወርዶ፣ ተፈትቶ የሚሠራ ሥራ ነው። መኪናው ላይ ሳለ የሚሞርድ ሰው የብረቱን ብናኝ ወደ ተርባይኑ ምላጭ ይልካል። ክዳኗ ከቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር ተርፋ መቀመጥ አለባት፣ አለዚያ ማተም አትችልም። ወደ ቀዳዳው የሚያስገባውን የውስጥ ጠርዝ ማለስለስ አንዳንዴ ከማስፋቱ እኩል ይረዳል። ይህንን የሚሠራ ጥሩ እጅ ካላገኙ ወደ ፋብሪካው ቧንቧ መመለስ ክብር የሚነካ ነገር አይደለም፤ ልኩ 0.8 ለሆነ ሞተር ጤናማው መፍትሔ እሱ ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ቢቆርጥስ? ያኔ ሴንሰሩ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ ስካነሩ የከባቢውን አየር ግፊት ማሳየት አለበት፤ በባሕር ጠለል 100 ኪሎፓስካል ገደማ፣ 2000 ሜትር ላይ 80 ገደማ። በሚኒሞ ሲሠራ ጤናማ ሞተር ከ30 እስከ 40 ያሳያል። ከዚያ ሴንሰሩን አውጥተው በእጅ ፖምፓ 0.5 እና 1.0 ባር ይስጡትና ንባቡ በ50 እና በ100 ኪሎፓስካል መጨመሩን ይመልከቱ። ከፍ ብሎ የሚያነብ ከሆነ ሴንሰሩን ከመወንጀልዎ በፊት የአሉታዊውን ሽቦ ይፈትሹ። ቁልፉ ተከፍቶ በሴንሰሩ አሉታዊ ጫፍና በባትሪው አሉታዊ መካከል ከ0.05 ቮልት በላይ ካገኙ መሬቱ (የአሉታዊው መስመር ግንኙነት) ደካማ ነው፤ ደካማ መሬት የሲግናሉን ቮልቴጅ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ኮምፒውተሩም በሌለ ግፊት ይቆርጣል። የርስዎ ግን ራሱን የቻለ ጌጅ 1.1 ስላሳየ ይህ ሩቅ ነው።

ወደ መሣሪያው ልመለስ፣ ለምን እንደምቃወመው በቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ። ከ0.8 ወደ 1.1 ሲወጣ ጠቅላላው ግፊት ከ1.8 ወደ 2.1 ሄደ፤ አየሩ በ17 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ነዳጁም በዚያው መጠን መጨመር አለበት። በ6000 ዙር አንድ ሙሉ ዑደት የሚፈጀው 20 ሚሊሰከንድ ነው። ኢንጀክተሩ በ0.8 ባር 16 ሚሊሰከንድ ክፍት ከነበረ 80 በመቶ እየሠራ ነው፤ በ1.1 ባር ከ18.6 ሚሊሰከንድ በላይ፣ ማለትም 93 በመቶ ይጠየቃል። ከ85 በመቶ በላይ ኢንጀክተርን ማሠራት መተማመኛ የለውም። ይህ እንግዲህ ኮምፒውተሩ እውነተኛውን ግፊት ሲያውቅ ነው። ነዳጁን በግፊት ሴንሰር በሚያሰላ ሞተር ላይ ቮልቴጁን ከገደቡት ኮምፒውተሩ ከተገደበው ልክ በላይ ያለውን አየር አያየውም፣ ነዳጅም አይጨምርለትም። የእሳቱንም ሰዓት በዚያው በተሳሳተ ቁጥር ያስቀምጣል። ነዳጁን በአየር ፍሰት ሴንሰር የሚያሰሉና የግፊት ሴንሰሩን ለመቁረጫ ብቻ የሚጠቀሙ አሮጌ መኪኖች ላይ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ የፍሰት ሴንሰሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ውጤቱ የተሰበረ የፒስተን ፋሻ ግድግዳ ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

በ1.1 ባር መንዳት ከፈለጉ ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። ተስማሚ ኢንጀክተርና የቤንዚን ፖምፓ፣ ሰፊ ክልል የሚያነብ የኦክስጅን ሴንሰር ተገጥሞ በሙሉ ግፊት ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ምጥጥን መለኪያ) ከ0.78 እስከ 0.85 መሆኑ እየታየ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይስተካከላል። ያኔም መቁረጫው ከታለመው ግፊት 0.15 ወይም 0.2 ባር ከፍ ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም።

የነዳጅ ግፊቱን በዚህ አጋጣሚ ይለኩት። መመለሻ መስመር ባለው ሞተር ተቆጣጣሪው ከማኒፎልዱ በምትመጣ ቀጭን ቱቦ ይታዘዛል፤ መነሻው 3 ባር ከሆነ በ1 ባር ቡስት ላይ 4 መሆን አለበት። ቱቦዋ ከተቀደደች 3 ላይ ይቀራል፣ በኢንጀክተሩ ሁለት ጎን ያለው ልዩነት 2 ባር ብቻ ይሆናል። የሚወጣው ነዳጅ የልዩነቱን ካሬ ሥር ስለሚከተል 18 በመቶ ያህል ይጎድላል። ይህ ምንም ኮድ ሳያወጣ ሞተር ይገድላል።

የአየር መፍሰስን ሳላነሣ አላልፍም። ፒ0234 ከልክ ያለፈ ግፊት፣ ፒ0299 ያነሰ ግፊት ነው። በኢንተርኩለሩ መስመር ላይ ያለ ቀዳዳ በተለምዶ ሁለተኛውን ያመጣል፣ ስለዚህ የርስዎ ችግር ሥር አይደለም። የናፍጣ ሞተር ያላቸው ሰዎች ይህን ሲያነቡ ደግሞ አንድ ልዩነት ያስታውሱ፦ በእነሱ ቱርቦ ብዙውን ጊዜ ዌስትጌት የለም፣ በጥላሸት የሚጣበቁ ተንቀሳቃሽ ምላጮች አሉ፤ ኮምፒውተሩም በድንገት ከመቁረጥ ይልቅ ጉልበቱን ቀንሶ ሞተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ እንዲሁ ያቆየዋል።

ጥገናው ሲያልቅ ቀዝቃዛ ጠዋት ይምረጡና በ3ኛ ከዚያም በ4ኛ ማርሽ ይሞክሩት፤ ግፊቱ ከ0.8 ከ0.05 በላይ ሳይርቅ እስከ ከፍተኛ ዙር መቆየት አለበት። በመጨረሻ፣ ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ በ1.1 ስለተነዳ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጥተው ነጩን ሸክላ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ቅንጣት ካዩ ኖኪንግ አስቀድሞ ተከስቷል። ያኔ ሙሉ ነዳጅ ዳግም ከመስጠትዎ በፊት ትሮትሉን ከፍተው የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ያንን ሲሊንደር በቦረስኮፕ (ወደ ሲሊንደሩ በምትገባ ቀጭን ካሜራ) ያሳዩት።